በጋኑ ግድግዳ ላይ የቀረው

ወንድሟ የሞተው ተቀምጦ ነው። በፋብሪካው የምሳ ሰዓት ነበር። አሮጌውን የብረት ጋን በጀርባው ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጭኑ ላይ በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ከደነ። ጋኑ ከጠዋቱ ሥራ ገና አልቀዘቀዘም ነበር፤ ሙቀቱ በጀርባው በኩል እየገባ ገላውን ሲያሞቀው ቆየ። በአጠገቡ የሚያልፉ ሠራተኞች “ተዉት፣ ትንሽ ያሸልብ” እየተባባሉ ድምፃቸውን ቀንሰው አለፉ። ደወል ተደውሎ ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ ከነሙላቱ መቀዝቀዙን ያየችው እህቱ ናት። ትከሻውን ስትነካው ሙቅ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ከእጇ ያልወጣላት እሱ ነው፤ የሞተ ሰው ሙቀት።

እህቱ እዚያው ክፍል የጋን አጣቢ ናት። እናቷ ያወጣችላትን ስም በፋብሪካው ውስጥ የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም “መስታወት” ነው የሚላት። እሷ ያጠበችው ብረት ፊት ያሳያል ለማለት ነው። ሥራዋን ትወዳለች። እስከ ወገቧ በጋኑ አፍ ገብታ፣ ባለረጅም እጀታ ብሩሿን ይዛ፣ ግንባሯ ላይ ባሰረችው መብራት ጥጋጥጉን ስትፈትሽ አንዲት ነጥብ እድፍ ካገኘች “አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?” ብላ ታነጋግራታለች።

ፋብሪካው የሚሠራው ሽታ ነው። ሳሙና፣ ሽቶና ከረሜላ ላይ የምናሸተው ሁሉ ከአበባና ከፍሬ የተጨመቀ ይመስለናል፤ ብዙው ግን እንዲህ ባለ ቤት፣ በቧንቧና በብረት መካከል የሚወለድ ነው። የዚህ ክፍል ድርሻ አንድ ሽታ ብቻ ነው፤ አሁን የታጨደ ሣር። ሽታው የሚሠራበት ትልቅ የብረት ዕቃ በወረቀት ላይ “ሪአክተር” ተብሎ ይጻፋል። ሠራተኛው ግን ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ ስለሆነ ጋን ብሎት ቀርቷል።

ሣር በሌለበት ቤት የሣር ሽታ እንዴት እንደሚሠራ መስማት ደስ ይላል። ጥሬ ዕቃው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ነው። በእያንዳንዷ የፈሳሹ ቅንጣት ውስጥ ሁለት የካርቦን አተሞች በሦስት ገመድ ተሳስረው ይኖራሉ እንበል። ከሦስቱ አንዱ ገመድ ተፈትቶ በምትኩ ሃይድሮጅን የሚባለው ጋዝ ከገባ፣ ሁለት ገመድ የቀራት ያቺ ቅንጣት የታጨደ ሣር ትሸታለች። ገመዱ ግን እንዲሁ አይፈታም። ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ደላላ ይፈልጋል፤ ደላላውም ካታሊስት ይባላል። እዚህ ክፍል ካታሊስቱ፣ ኖራ በመሰለ ነጭ ዱቄት ላይ በስሱ የተለበጠ ፓላዲየም የተባለ ብረት ነው። ፈሳሹም ጋዙም መጥተው በብረቱ ገጽ ላይ ይገናኛሉ፤ ጉዳያቸው ሲያልቅ ይሄዳሉ፤ ደላላው እንደነበረ ቁጭ ይላል።

ችግሩ ፓላዲየም ይሉኝታ የሌለው ብረት መሆኑ ነው። አንዱን ገመድ ፈትቶ “ይበቃል” ማለት አያውቅም። ሁለተኛውንም ይፈታል፤ ያን ጊዜ ሣሩ ይጠፋና የከረመ ዘይት የመሰለ ሽታ ይቀራል። ማንም ያላዘዘው፣ ከዋናው ሥራ ጎን ተደብቆ የሚሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ ለብረቱ ልጓም ያበጁለታል፤ ልጓሙ እርሳስ ነው። ያው የምናውቀው ከባድና ለስላሳ ብረት፣ በጣም በጥቂቱ። ሽታው በመጨረሻ ተንኖ እንደገና ፈሳሽ ስለሚሆን እርሳሱ አብሮት አይሄድም። ይህን እርሳስ አሟምቶ በዱቄቱ ገጽ ላይ የሚያሳርፈው ሰው ቀማሚ ይባላል። የመስታወት ታላቅ ወንድም የክፍሉ ቀማሚ ነበር፤ ድምፁ ወፍራም፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ የጋን ውስጥ መብራት የሚሉት ዓይነት ሰው።

ሥራ ያስገባት እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን አሮጌው ጋን ፊት አቁሟት አንድ ትእዛዝ ሰጣት።

“የዚህን ሆድ እንዳትፈትጊ። በአልኮል አለቅልቂውና ተዪው።”

“እድፉን እያየሁ?”

“እያየሽ።”

“ለምን፣ ወንድም ጋሼ?”

“መፈተግ አይወድም።”

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም። እሷም ሌሎቹን ጋኖች ስታበራ የዚህን አልነካችም፤ ሆዱ አመድ የመሰለ ሽፋን እንደለበሰ ኖረ።

ንግግሩን የጀመረችው ከሞተ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ልታለቀልቀው አንገቷን ወደ ጋኑ አስገብታ፣ ሳታስበው “ወንድም ጋሼ” አለች። ድምፅዋ ግራጫውን ሽፋን ነክቶ ሲመለስ የራሷን ቅጥነት ጥሎ መጣ፤ ወፍራምና ዝግ ያለ ሆኖ። ግን አልሸሸችም። በማግስቱ “ደህና አደርክ?” አለችው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሳትለው የዋለችበት ቀን የለም።

ብቻዋንም አልነበረችም። ከሰዓት በኋላ ጋኑ ሲቀዘቅዝ ከውስጡ ያንኳኳል። አንዴ ኳ ይልና ይቆያል፤ ሰው ረሳሁት ሲል እንደገና። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ ይንቋቋል። ጋኑ ቀማሚው በሕይወት እያለም ያንኳኳ ነበር፤ ያኔ ጆሮ የሚሰጠው አልነበረም። አሁን ግን ባንኳኳ ቁጥር ወሬ ይቋረጣል። በጢሙ ብዛት “ጢሞ” ያሉት የፈረቃው አለቃ፣ “ግባ በሉት እንጂ! ምን እኔ ላይ ታፈጣላችሁ?” ብሎ ያስቃቸዋል። እሱ ራሱ ግን በጋኑ ፊት ሲያልፍ ቆቡን ያወልቃል፤ ሙቀት ነው ይላል።

አዲሱ ጋን የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሆዱ ከአሮጌው እጥፍ ይሆናል፣ ብረቱ እንደ ውሃ ያበራል፣ በደረቱ ላይ ቁጥር የሚያበራ ሰሌዳ አለው። ውሳኔውም አብሮ መጣ፦ አዲሱ ሥራ እንደ ጀመረ አሮጌው ተቆርጦ ለቁርጥራጭ ብረት ይሰጣል። መስታወት ይህን ስትሰማ ብሩሿ ከእጇ ወደቀ። ለማን ትናገር? “ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው” ትበል?

ከዚያ አዲሱ ጋን የመጀመሪያ ምርቱን ሰጠ። ጢሞ ቧንቧውን ከፍቶ በማሽተቻ ወረቀት ጫፍ አጥቅሶ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ፊቱን አጨማደደ።

“ይሄ ሣር ነው? ይሄ ሣር የበላው በሬ ነው!”

የከረመ ዘይት። በቀማሚው ልክ የተቀመመው ዱቄት ያው፣ ፈሳሹ ያው፣ ሙቀቱም ግፊቱም ያው። ያንኑ ዱቄት አሮጌው ጋን ውስጥ ጨምረው ቢሞክሩት ክፍሉ ሣር በሣር ሆነ። በአዲሱ ደገሙት፤ ዘይት። በዚያ ቀን ምሳ ላይ የሚቀልድ አልነበረም። አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ቀማሚው ተቀይሟል” አለ። “የእኔን ጋን ቆርጣችሁ እናያለን ብሎ ነው።” ሌላው “አፍህን ዝጋ” አለው፤ ግን አፍ ዝጋ ማለት አልተሳሳትክም ማለት ነው።

መስታወት የሰማችው ሌላ ነው። ወንድሟ የተቀየመው በእሷ መሰላት። ምናልባት አዲሱን ጋን በደንብ አላጠበችው ይሆናል። ስለዚህ አሲድ ባለው ውሃ ፈተገችው። ምርቱ ባሰበት። በቀጣዩ አሲዱን አጠንክራ ክንዷ እስኪዝል ፈተገችው፤ ብረቱ ከመንጻቱ የተነሳ ፊቷን ብቻ ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን በር ሁሉ ያሳያል። ያ ምርት ከሁሉም የከፋ ሆነ።

ቤቷ ከፋብሪካው የማይርቅ ሕንፃ ላይ፣ ደረጃው የሚያስለከልክ አራተኛ ፎቅ ነው። ሁለት ክፍል ናት። በአንዱ እናቷ መስኮቱ ሥር ባለ ባለመደገፊያ ወንበር ትውላለች፤ ዓይኗ ደክሞ ከሰው ፊት ጥላውን ብቻ ነው የምታየው። አፍንጫዋ ግን አልደከመም። መስታወት ከሥራ ስትገባ እናቷ እጇን ትዘረጋለች፤ መስታወት ሻርፗን ትሰጣታለች፤ እናቷ ሻርፑን ፊቷ ላይ አድርጋ ሽታውን ወደ ውስጥ ትስባለች። ወንድ ልጇ በሕይወት በቆየበት ዘመን ሁሉ ማታ ማታ ይዞት የሚገባው ሽታ ነው።

“ወንድምሽ ደህና ዋለ?” ትላለች።

መጀመሪያ የጠየቀቻት ከቀብሩ ጥቂት ወራት በኋላ ነበር። መስታወት ደነገጠች። ቀብሩ ላይ እናቷ ነበረች፤ አልቅሳለች፤ ሰው ደግፎ ነው የመለሳት። አሁን አእምሮዋ መሳቱ ነው ብላ አሰበች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ነርስ ናት፤ “እንዲህ ያሉትን አትከራከሪያቸው፣ ይብስባቸዋል” አለቻት። ስለዚህ በየማታው፣

“ደህና ዋለ፣ እማዬ” ትላታለች።

እናቷ ሻርፑን አጥፋ ጉልበቷ ላይ ታደርገዋለች። አዲሱ ጋን ከገባ ወዲህ ግን ሻርፑ የዘይት ሽታ ይዞ ይመጣ ጀመር። እናቷ አሽትታ ወዲያው ትመልሰዋለች፤ አትጠይቅም። እራቷንም ሳትጨርስ ትተወዋለች። መስታወት በዚያ ዝምታ ውስጥ ስትቀመጥ ወንድሟ ከእናቱ ቤት ቀስ በቀስ እየወጣ እንደሆነ ይሰማታል።

ሁኔታውን እንድታጣራ የተመደበችው ወጣት ኬሚስት ናት። ትንሽ ሴት፣ እጅጌዋ ሁልጊዜ የተጠቀለለ፣ ስታስብ ጣቷን የምትቆጥር። ከሁለቱ ጋኖች ያገለገለ ዱቄት ወስዳ ላቦራቶሪ አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች አንድ ጥያቄ ትጠይቅ ጀመር፦ ከአዲሱ ጋን የወጣው ዱቄት ላይ እርሳሱ ቀንሷል፤ ከአሮጌው የወጣው ላይ አልቀነሰም። የት ሄደ?

“እኔ አልወሰድኩም” አለ ጢሞ። “አስቀድሜ ልንገርሽ፤ እዚህ ቤት የጎደለ ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔ ላይ ነው የሚላከከው።”

ኬሚስቷ ስቃ አለፈችው፤ መጨረሻ ላይ መስታወት ዘንድ መጣች። መስታወት ከመታጠቢያው አጠገብ ጓንቷን እየገለበጠች ነበር።

“እትዬ መስታወት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ቅር እንዳይልዎት።”

“ጠይቂ። ቅር ካለኝ አልደብቅሽም።”

“ሁለቱን ጋኖች እንዴት ነው የሚያጥቧቸው?”

“እንደ ጋን ነዋ።”

“እኩል?”

መስታወት ጓንቷን መገልበጥ አቆመች። ከዚያ ስለ ወንድሟ ትእዛዝ ነገረቻት። አሲዱን ስለ ማጠንከሯም። ኬሚስቷ እየሰማች ዓይኗ እየሰፋ ሄደ፤ ግልብጥ ባልዲ ስባ ተቀመጠች።

“አውቶቡስ ውስጥ እንዳለን ያስቡ” አለች፣ እጇን እያወናጨፈች። “አውቶቡሱ ፓላዲየሙ ነው። ተሳፋሪው ፈሳሹ ነው። ተሳፋሪው ይሳፈራል፣ አንድ ገመዱ ይፈታል፣ ከዚያ መውረድ አለበት። ግን ምቹ ወንበር ካገኘ አይወርድም፤ ተደላድሎ ይቀመጥና ሁለተኛው ገመዱም እዚያው ይፈታል። እርሳሱ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ነው። ገብቶ ያንን ምቹ ወንበር ይይዛል። ምንም አይሠራም፣ ማንንም አያባርርም። ይቀመጣል፤ በቃ! ተሳፋሪው መቀመጫ ስላጣ በጊዜ ይወርዳል። የሚገርመው እኮ ይሄ ነው፤ ጥቂት፣ እዚህ ግባ የማይባል ነገር፣ ቦታ በመያዝ ብቻ ያንን ሁሉ ጥፋት ያስቀራል።”

“ጋን በጠጠር ይደገፋል” አለች መስታወት።

“እሱን ነው የምልዎት! አሁን ሽማግሌው በሙቀቱና በመታሸቱ ብዛት ከወንበሩ ይነሳና ፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል እንበል። አዲሱ ጋን ግድግዳው ራቁቱን ነው፤ በአሲድ በተፈተገ ቁጥር ደግሞ እንደ ደረቅ መሬት ይጠማል። ሽማግሌውን ይውጠዋል። ወንበሩ ባዶ ይቀራል። የአሮጌው ግድግዳ ግን በዘመናት እርሳስ ጠግቧል። አይውጥም። ዱቄቱ ሲጎድልበት እንዲያውም መልሶ ያበድረዋል።”

መስታወት አሮጌውን ጋን ዞር ብላ አየችው።

“ወንድሜ ይህን ያውቅ ነበር?”

“አላውቅም” አለች ኬሚስቷ። “ሲፈተግ ምርቱ እንደሚበላሽ አንድ ቀን አይቶ ይሆናል። ላያውቅም ይችላል፤ ልማድ ብቻ ሊሆንም ይችላል። እኔም እኮ ገና ግምት ላይ ነኝ።” ጣቶቿን ቆጠረች። “ልዩነቱ ከጋኑ ቅርፅም ሊሆን ይችላል፣ ከማማሰያውም። የምናረጋግጥበት መንገድ አንድ ነው። አሮጌውን እስከ ብረቱ አጥበን እንደገና ማሠራት። ካበላሸ፣ ምክንያቱ ሽፋኑ ነበር፤ አዲሱን ጋን ሆን ብለን እናለብሰዋለን። ማስረጃ ሳልይዝ አዲሱ ጋን ላይ ተጨማሪ እርሳስ አያስደርጉኝም።”

“ከታጠበም በኋላ ሣር ቢሸትስ?”

“እንግዲያ ተሳስቻለሁ፤ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።”

ሌላ ነገር። መስታወት ጓንቷን አስቀምጣ ወጣች። “አልችልም” አለች በሩ ላይ። “ሌላ ሰው ፈልጊ።”

ጢሞ ጓሮው ላይ፣ ባዶ በርሜሎች በተደረደሩበት ቦታ ተቀምጣ አገኛት። ለወትሮው ሳይቀልድ አፉን አይከፍትም፤ በዚያን ጊዜ ግን ቆቡን በእጁ ይዞ ቆመ።

“ቆራጮቹ በሚመጣው ሳምንት ይገባሉ” አላት። “ታጠበም አልታጠበ በእሳት ነው የሚቆርጡት።”

“አውቃለሁ።”

“እንደው አንቺን ለማስቸገር አይደለም…”

“ጢሞ፣ ያኔ ሲሞት ገላውን ያጠቡት ሌሎች ናቸው። እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። ግቢ ቢሉኝ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።”

እሷ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። “ይሄኛውን ለማንም አልሰጥም” አለችና ገባች።

በውስጧ ያሰላችውን ግን ለጢሞም አልነገረችው። ለኬሚስቷ ጉዳዩ እርሳስ ነበር። ለእሷ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሽፋኑ ሁሉ ታጥቦ ሄዶ ከዚያም በኋላ ሣር ከሸተተ፣ ወንድሟ አለ። ካልሸተተ፣ ከቀብሩ ወዲህ “ደህና አደርክ?” ስትለው የኖረችው ለአንድ ቀጭን የእርሳስ ቅርፊት ነው።

ጭምብሏን አጠለቀች፤ ጓንቷን እስከ ክንዷ ሳበች። ከመጀመሯ በፊት አንገቷን አስገብታ ጭምብሉን ከፍ አደረገችና፣ “ወንድም ጋሼ፣ ልነካህ ነው” አለች። ወፍራሙ ድምፅ ተመለሰላት፤ …ነው፣ አለ ዝግ ብሎ፣ እንደ መፍቀድ።

አሲዱ ሲነካው ግራጫው ሽፋን መጀመሪያ ጠቆረ፤ ከዚያ እንደ ጭቃ እየሟሸሸ ወረደ። እርሳስ ያለበት ውሃ ወደ ቦይ ስለማይለቀቅ ጢሞ ከሥር በርሜል እየቀያየረ ተቀበለው። ከአመዱ ሥር ብረቱ እየታየ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ሰው ጥፍር ያህል፣ ከዚያ እንደ መዳፍ፣ ከዚያ እንደ ደረት። አልተጣደፈችም። ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ብሩሹን ቀለል አድርጋ ነው የያዘችው። በውሃ ደጋግማ አጠበችው፤ ጭምብሏን አወለቀች፤ አንገቷን አስገባች።

“ወንድም ጋሼ።”

የመለሰላት ድምፅ ቀጭንና የሚወጋ፣ የሴት ድምፅ ነበር። የራሷ። እንዲህ ቅርብ፣ እንዲህ ጥርት ብሎ ሰምታው ስለማታውቅ ሌላ ሰው ከኋላዋ የጠራት መስሏት ብርግግ ብላ ወጣች።

በማግስቱ ዱቄቱን ጨመሩ፤ ፈሳሹን ሞሉ፤ ሃይድሮጅኑን ለቀቁ። ሥራው ደህና መሄዱ የሚታወቀው በጋዙ መለኪያ ጠቋሚ ነው። ጋኑ ጋዙን ይጠጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ገመዶች ሁሉ ተፈተው ሲያልቁ፣ ልጓሙ ካለ፣ እንደ ጠገበ ሰው መጠጣቱን ዝግ ያደርጋል። ጠቋሚው ያዘግማል። ልጓም ከሌለ ይቀጥላል። ኬሚስቷ የሚያዘግምበትን ቦታ በመለኪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጋበታለች። ሦስቱም መለኪያውን ከበው ቆሙ። ሌሎቹ ሠራተኞች ሥራ ያላቸው መስለው በየጥጉ ቆመው ያያሉ።

ጠቋሚው ወደ ቀዩ ቀረበ። ደረሰ። የተንቀጠቀጠ፣ ያመነታ መሰለ።

“ቆም አለ!” አለች መስታወት፣ የጢሞን ክንድ ጨብጣ። “ቆም አላለም? በሉ እንጂ!”

ጠቋሚው ቀዩን አልፎ፣ በቅድሙ አካሄዱ፣ ሄደ። ጋኑ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ። ኬሚስቷ ቧንቧውን ከፍታ ወረቀቱን ስታጠቅስ ሽታው ከወረቀቱ ቀድሞ ደረሰ። የከረመ ዘይት።

ያቺ ልጅ ነገር ሲገባት እንደ ሕፃን የምትዘል ናት። ግምቷ ልክ ሆኗል። ግን አልዘለለችም፤ ወረቀቱን ወደ ጀርባዋ ደበቀችው። “ይቅርታ፣ እትዬ” አለች። መስታወት አሮጌውን ጋን በመዳፏ ነካችው። ሙቅ ነበር። የጋለ ብረት ሁሉ ሙቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሥራ ብቻ ሆነ። በአዲሱ ጋን ውስጥ በፈሳሽ የሟሟ እርሳስ ጨምረው አዙረው፣ አሙቀው፣ አፈሰሱት። መስታወት በአልኮል አለቅልቃ እንድትተወው ታዘዘች። እጇ በላት። ግድግዳው ላይ ጭስ የነካው የመሰለ ደብዛዛ ነገር እያየች ብሩሹን ሳታነሳ መሄድ፣ ለሷ ጫማ ሳያደርጉ ከቤት እንደ መውጣት ነው። ጢሞ “እንግዲህ ስምሽን ልንቀይር ነው። ጥላሸት እንበልሽ?” አላት፤ “አንተን ቀድሜ በአሲድ እፈትግሃለሁ” አለችው፤ ክፍሉ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ። የመጀመሪያው ምርት ዘይት ሆነ። ቀጣዩ ሣር ይሁን ዘይት ይሁን ያለየለት። ከዚያም አንድ ከሰዓት ላይ ጠቋሚው ቀዩ ጋ ሲደርስ እንደ ደከመው መንገደኛ ዝግ አለ፤ ቧንቧው ሲከፈትም ቤቱ አሁን የታጨደ መስክ ሆነ። አጨበጨቡ። ኬሚስቷ በመጨረሻ ዘለለች።

መስታወትም አጨበጨበች። ጋኑ ሲራገፍ አንገቷን አስገብታ ተመለከተች። ወንድሟን ልትጠራ አፏን ከፍታ ነበር፤ የሚጠራ ነገር አጣች። አለቅልቃው ወጣች።

ያን ቀን ደረጃውን ስትወጣ ሻርፗ ሣር በሣር ነበር። እናቷ መስኮቱ ሥር እጇን ዘረጋች። ሻርፑን ተቀብላ ፊቷ ላይ አደረገችው፤ ትንፋሿን በረጅሙ ሳበች፤ ቆየች።

“ወንድምሽ ደህና ዋለ?”

ያን ያህል የሚቀል ውሸት ከዚያ በፊት ኖሮ አያውቅም፤ ሽታው ራሱ ይመሰክርላታል። መስታወት ወለሉ ላይ፣ ከእናቷ ጉልበት አጠገብ ቁጭ አለች።

“እማዬ፣ ወንድም ጋሼ ሞቷል።”

እናቷ ሻርፑን ከፊቷ አወረደችው።

“አውቃለሁ” አለች። “አፈር ሲለብስ ቆሜ አላየሁም እንዴ?”

“ታዲያ በየማታው ደህና ዋለ ወይ የምትይኝ…”

“አንቺ ነሽ እንጂ! ከሞተ ወዲህ በእንቅልፍሽ ታወሪዋለሽ። ‘ወንድም ጋሼ፣ ደህና ዋልክ?’ ትያለሽ። ደግሞ ዝም ብለሽ ታዳምጫለሽ። ደግሞ ትስቂያለሽ። እኔ ወንዱን ቀበርኩ፣ ሴቷ ደግሞ አእምሮዋን ሳተች አልኩ። ሞቷል ብልሽ ትሰበሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እስቲ ከሐሳቧ ጋር ልሂድ ብዬ ነው የጠየቅኩሽ።” እጇ የልጇን ራስ ፈልጎ አገኘ። “አንድ ቀን ‘የለም እኮ’ ትይኛለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ‘ደህና ዋለ’ ትያለሽ፤ ፊትሽን አላየው፣ ድምፅሽ የእውነት ነው። ጀርባዬ ይቀዘቅዝ ነበር። ያን ሰሞን ዘይት እየሸተትሽ ስትገቢ ደግሞ ይህቺ ልጅ ከማን ጋር ነው የምትውለው እላለሁ። እህል አልወርድልሽ አለኝ።”

መስታወት ሳቅ መጣባት፤ አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት አንድም ቀን አልተለቀሰም ነበር፤ አንዷ ለሌላዋ ስትል።

“በይ ነይ፣ ከወለል ተነሺ” አለች እናቷ፣ ወንበሩ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀችላት። “እንግዲህ እናልቅስለት።”